አሸን፣ ምስጥ ወይስ ጉንዳን?

በኤፕሪል መጀመሪያ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ወጥ ቤት ስገባ፣ ከዕቃ ማጠቢያው በላይ ባለው መስኮት ላይ አሥራ አምስት ያህል ክንፍ ያላቸው ጥቁር ነፍሳት መስታወቱን እየቧጠጡ ወደ ብርሃኑ ለመውጣት ሲታገሉ አገኘሁ። የምንኖረው በሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ቤቱን ከገዛን ገና ሁለት ዓመት አልሞላንም ነበር። ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣችው እናቴ እንደ ልማዷ ከሁላችን ቀድማ ተነሥታ ቡና ትቆላ ስለነበር መቁያውን እንደያዘች ጠጋ ብላ አየቻቸውና፣ «ይሄማ አሸን ነው። እዚህም አገር ይፈላል እንዴ?» አለችኝ።

አሸን በፈሊጡ እንጂ በመልኩ እምብዛም አይታወቅም። አንድ ነገር ሲበዛ «እንደ አሸን ፈላ» እንላለን፤ ስንቶቻችን አሸኑን ራሱን ቀረብ ብለን እንዳየነው ግን እጠራጠራለሁ። ከዝናብ በኋላ ከመሬት ተግተልትሎ የሚወጣው፣ መብራት ሲከብብ አምሽቶ ክንፉን አራግፎ የሚሄደው ያ ፍጥረት ክንፍ ያወጣ ምስጥ ነው። እናቴ እንግዲህ ሳታውቀው ቤታችሁ ምስጥ ገብቶበታል ማለቷ ነበር፤ በአሜሪካ የእንጨት ቤት በብድር ለገዛ ሰው ከዚህ ቃል የበለጠ እንቅልፍ የሚነሣ የለም።

ሰኞ ዕለት አንድ የተባይ ማጥፊያ ድርጅት ጠራሁ። የመጣው ሰው ትሑትና ፈጣን ነበር፤ የመስኮቱን ደፍ በባትሪ አብርቶ የወዳደቁትን ክንፎች እንዳየ፣ አንዱንም በእጁ ሳያነሣ ምስጥ መሆኑን ነገረኝና በቤቱ ዙሪያ መሬቱን እየበሱ መድኃኒት ስለ ማፍሰስ ማብራራት ጀመረ። ግምቱ ከሜዳ የመጣ አልነበረም። በዚህ አካባቢ ሬቲኩሊተርምስ ፍላቪፐስ የሚባለው ምስጥ ክንፍ አውጥቶ የሚፈላው በጸደይ ነው፤ ክንፍ ያወጡት ምስጦችም ጥቁር ናቸው። ቀለሙም ወቅቱም ገጥሞለታል። ወረቀቱ ላይ የጻፈውን ዋጋ ካየሁ በኋላ የአንድ ሳምንት ጊዜ ጠየቅሁ፤ ያ ሳምንት ግን ከዚያ ወዲህ ላልተወኝ ሱስ መነሻ ሆነ።

ያደረግሁት ነገር ቀላል ነው። አምስቱን በባዶ የማር ብልቃጥ ከትቼ ፍሪዘር ውስጥ አሳደርኳቸውና በማግሥቱ ነጭ የሲኒ ማስቀመጫ ላይ ደርድሬ በልጄ የትምህርት ቤት ማጉያ መነጽር ተመለከትኳቸው። ምስጥና ጉንዳን በብዙ ሰው ዓይን የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ በዘር ሐረግ ግን ምስጥ ለበረሮ ሲቀርብ ጉንዳን የንብና የተርብ ወገን ነው። ክንፍ ያወጣ ምስጥ ወገብ የለውም፤ ደረቱና ሆዱ እንደ አንድ ቱቦ ይያያዛሉ፣ አንቴናው እንደ ተሰካ ዶቃ ቀጥ ያለ ነው፣ አራቱ ክንፎቹም እኩል ይረዝማሉ። ሳህኑ ላይ የተኙት አምስቱ ግን ወገባቸው በክር እንደ ታሰረ ቀጥኗል፣ አንቴናቸው እንደ ክንድ ከክርኑ ይታጠፋል፣ የፊቱ ክንፍም ከኋለኛው በግልጽ ይረዝማል። ጉንዳኖች ነበሩ። ይህን ለማየት የፈጀብኝ ጊዜ እናቴ ሁለተኛውን ሲኒ እስክትቀዳ ድረስ ብቻ ነው።

እፎይታዬ ብዙ አልቆየም፤ የምን ጉንዳን እንደሆኑ ካላወቅሁ ከየት እንደመጡም ሆነ ምን እንደሚያደርጉ ማወቅ አልችልምና። የጉንዳን መለያ መጻሕፍት በአብዛኛው የተሠሩት ክንፍ የሌላትን ሠራተኛዋን ይዘው ነው፤ ስለዚህ ሠራተኛ መያዝ ነበረብኝ። ማታ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ መብራት አጥፍቼ ከማጠቢያው አጠገብ በወረቀት ላይ ትንሽ ማር ጠብ አደረግሁ። (እዚህ ያለ ሰው ሰዓት የሚቆጥረው በየትኛው እንደሆነ መናገር አለበት፤ የአሜሪካኑን ማለቴ ነው።) ከእኩለ ሌሊት በፊት ሰባት ጉንዳኖች ማሩን ከብበው አገኘኋቸው፤ ሁሉም ጥቁሮች ሲሆኑ ሦስቱ ትልልቅ፣ ራሳቸው ሰፊና መንጋጋቸው ወፍራም፣ አራቱ ደግሞ ግማሻቸውን የሚያህሉ ቀጫጭኖች ነበሩ። ሁለት ዝርያ ያገኘሁ መስሎኝ ሁለት ብልቃጥ አዘጋጅቼ በአንዱ ላይ «ትልቋ»፣ በሌላው ላይ «ትንሿ» ብዬ ጻፍኩ።

ያ ስሕተት ጀማሪ ሁሉ የሚሠራው ስሕተት እንደሆነ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። እነዚህ ጉንዳኖች ባሉበት ወገን የአንዲት ንግሥት ልጆች በመጠን እጅግ ይለያያሉ፤ ትንሿ ሠራተኛ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ስትሆን ትልቋ እስከ 13 ሚሊ ሜትር ትደርሳለች፤ በመካከላቸውም ሁሉም ዓይነት መጠን አለ። ትልቋ ራሷ የሚሰፋው መንጋጋዋን የሚያንቀሳቅሰው ጡንቻ ስለሚሞላው ነው። አዲስ ጎጆ የምትጀምር ንግሥት ደግሞ የመጀመሪያ ልጆቿን ከጎጆዋ ሳትወጣ፣ ከገዛ ሰውነቷ ባጠራቀመችው ስንቅ፣ ከእንግዲህ የማያስፈልጋትን የክንፏን ጡንቻ ጭምር እያሟሟች ስለምታሳድግ የበኩር ልጆቿ ሁሉ ኮሳሶች ይሆናሉ። በነገራችን ላይ አማርኛ ትንሽ ነገርን በሴት ጾታ መጥራት ይወዳል፤ ጉንዳኗ ስንል ለማቆላመጥ ነው፤ ሆኖም ሠራተኛ ጉንዳኖች ሁሉ በእውነትም ሴቶች ናቸው።

ወደ ወገኗ ልመለስ። በምሥራቅ አሜሪካ ትልቅ ጥቁር ጉንዳን ያየ ሰው በመጀመሪያ መለየት ያለበት ሁለት ወገኖችን (ወገን የምለው ተቀራራቢ ዝርያዎችን የሚይዘውን ቡድን ነው)፣ ካምፖኖተስን ከፎርሚካ ነው። ካምፖኖተስ ኦስትሪያዊው ጉስታቭ ማየር በ1861 የሰየመው ወገን ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከ1,000 በላይ ዝርያዎች ተቆጥረውለታል። ፎርሚካ ደግሞ በየሣር ሜዳው አፈር ቆልሎ የሚኖር፣ ቤት የማያፈርስ ጎረቤት ነው፤ በተለይ ፎርሚካ ሰብሴሪሲያ የምትባለው ጥቁር፣ ብርማ ልስላሴ ያላት ዝርያ ብዙ ሰው አሳስታለች። ሁለቱም በወገባቸው ላይ አንዲት ጉብታ ብቻ አለቻቸው፣ ሁለቱም አይነድፉም፣ ይልቁንም ነክሰው ቁስሉ ላይ አሲድ ይረጫሉ። ልዩነቱ ያለው ከጎን ሲታዩ ነው። የዚህ አካባቢ ካምፖኖተስ ደረት ከአንገት እስከ ወገብ አንድ ወጥ ቅስት ነው፤ እንደ ድልድይ ሳይሰበር ወጥቶ ሳይሰበር ይወርዳል። ፎርሚካ ግን በመካከል እንደ ኮርቻ ትጎደጉዳለች። በተጨማሪም የፎርሚካ ሠራተኛ ከሁለቱ ትልልቅ ዓይኖቿ በላይ፣ ግንባሯ ላይ፣ ሦስት ነጥብ የመሰሉ ጥቃቅን ዓይኖች ሲኖሯት የካምፖኖተስ ሠራተኛ የላትም። የልጄ ማጉያ ይህን አያሳይም ነበርና ወርቅ ሠሪዎች የሚጠቀሙበትን አሥር ጊዜ የሚያጎላ ትንሽ መነጽር ገዛሁ። ጉንዳኗን በመርፌ ጫፍ ገልብጬ በጎኗ ሳስተኛት ቅስቱ ሳይሰበር ታየኝ፤ ግንባሯም ባዶ ነበር። ትልቋም ትንሿም ያው ነበሩ፤ ሁለቱን ብልቃጥ ያን ዕለት አንድ አደረግኋቸው።

እዚህ አገር ካምፖኖተስን አናጢ ጉንዳን ይሉታል፤ እንጨት ስለሚቦረቡር ነው። አይበላውም ግን፤ የሚበላው ሌሎች ነፍሳትንና ቅጠል ላይ የሚኖሩ ክሽክሾች የሚያመነጩትን ጣፋጭ ፈሳሽ ነው። ምስጥ እንጨቱን በልቶ በጭቃ ሲለስነው አናጢዋ ፈልፍላ ትቢያውን ወደ ውጭ ትጥላለች፤ ግድግዳዋም በብርጭቆ ወረቀት እንደ ተፈገፈገ ልሙጥ ነው።

አሁን የቀረው ዝርያው ነው፤ እኔን የማረከኝም ይኼኛው ነው። ጥቁር አናጢዋ፣ በሳይንስ ስሟ ካምፖኖተስ ፔንሲልቫኒከስ፣ ስሟን ያገኘችው በ1773 ከስዊድናዊው የነፍሳት ሊቅ ከቻርልስ ደ ዬር ነው። መላ ሰውነቷ ጥቁር ነው፤ ደብዛዛ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ አይደለም። ጥቁር መሆኗ ግን መለያዋ አይደለም፤ ጥቁር ጉንዳን ሞልቷል። መለያዋ ጠጉሯ ነው። ጉንዳን ሁለት ዓይነት ጠጉር አላት፦ እንደ ጃርት እሾህ የቆመና ቆዳዋ ላይ የተኛ። በዚች ዝርያ ከሆዷ ጀርባ ላይ የተኛው ጠጉር ረጅምና ፈዛዛ ቢጫ ሆኖ ወደ ኋላ እንደ ጎፈሬ ተበጥሮ ተነጥፏል። መጀመሪያ ስመለከት ምንም አላየሁም። የባትሪውን ብርሃን ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ ሊሰወር እንደተቃረበ ፀሐይ ዝቅ አድርጌ ሳበራው ጥቁሩ ሆድ በአንድ ጊዜ ወርቅ ለበሰ፤ ሳህኑን በጥቂቱ ሳዞረው ወርቁ ጠፋ፣ ስመልሰው ተመለሰ። እናቴን ጠርቼ አሳየኋት። አንድ ዓይኗን ጨፍና ብዙ ቆየችና «የሐር ካባ ነው የለበሰችው፣ አንተ! ለምን ታስሞታታለህ?» አለችኝ። ፍሪዘሩን እስካሁን ይቅር ያለችኝ አይመስለኝም።

ቤቴን በተመለከተ ጉዳዩ እዚህ ማብቃት ይችል ነበር፤ ግን አንዲትን ዝርያ በእርግጠኝነት መጥራት የሚቻለው እኅቶቿ ለምን እንዳልሆኑ መናገር ሲቻል ነው። በሰፈራችን በሚያልፈው በስላይጎ ክሪክ ዳር፣ የወደቀ ግንድ ላይ፣ በመጠኗና በአረማመዷ የኔዋን የምትመስል፣ ራሷ ጥቁር፣ እግሮቿና የደረቷ የኋላ ክፍል ግን ቀይ ዳማ የሆነ ጉንዳን አገኘሁ። ይህችኛዋ ካምፖኖተስ ክሮማዮደስ ናት፤ ሆዷ ላይ ያው ረጅም ወርቃማ ጠጉር ተነጥፏል፤ ቅላቱም ከወገቧ አልፎ ብዙ ጊዜ የሆዷን መጀመሪያ ይነካል። የስሟ ታሪክ አስቂኝ ነው። ዴንማርካዊው ፋብሪሲየስ በ1798 የዛገ ብረት ቀለም ያላት ለማለት በላቲን ፌሩጊኒያ (በኋላ ፌሩጊኒየስ) ብሎ ሰየማት፤ ለሁለት መቶ ዓመት ያህልም በዚያ ስም ኖረች። ይሁን እንጂ ያ ስም ቀደም ብሎ ለሌላ ጉንዳን ተሰጥቶ ስለነበር፣ ሕጉ ደግሞ በአንድ ወገን ውስጥ ሁለት ሞክሼ ስለማይፈቅድ፣ እንግሊዛዊው ባሪ ቦልተን በ1995 አዲስ ስም አወጣላት። ስለዚህ በድሮ መጻሕፍት የምታገኟት ፌሩጊኒየስና በአዲሶቹ የምታገኟት ክሮማዮደስ አንዲት ጉንዳን ናቸው። እኔ ይህን ሳላውቅ ሁለቱን ለማነጻጸር አንድ ሙሉ ምሽት አባክኛለሁ።

ቅላትን ብቻ ይዞ የሄደ ሰው ቀጥሎ የሚሰናከለው በኒው ዮርኳ ነው። ካምፖኖተስ ኖቬቦራሴንሲስ በኒው ዮርክ ግዛት የነፍሳት ባለሙያ በነበረው በአሳ ፊች በ1855 የተሰየመች ሲሆን ስሟም በላቲን «የኒው ዮርኳ» ማለት ነው። ደረቷ በሙሉ ቀይ፣ ራሷና ሆዷ ጥቁር ናቸው፤ ከሩቅ ለሚያይ ሰው ከክሮማዮደስ ጋር አንድ ናት። ብርሃኑን ከጎን ሲያበሩባት ግን ወርቁ የለም። የሆዷ ጠጉር አጭርና የሳሳ ስለሆነ ቆዳዋ እንደ ተወለወለ ጫማ ያብለጨልጫል። የምትኖረውም በስተሰሜን ባለው በቀዝቃዛው አገርና በከፍተኛ ቦታዎች ነው፤ በእኔ ግቢ አልጠብቃትም። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ጥቁሯ ፔንሲልቫኒከስና ባለ ሁለት ቀለሟ ክሮማዮደስ በጠጉር ይገናኛሉ፤ በቀለም የምትመስላት ኖቬቦራሴንሲስ ግን በጠጉር ትለያለች። መጀመሪያ ዓይን የሚገባው ቀለም ነው፤ እኔን ሦስት ጊዜ ያሳተኝም እሱ ነው።

ሌሎቹን የካምፖኖተስ ዝርያዎች ቶሎ ልለፋቸው። በምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል ጥቁር ሆና እግሮቿ ጥቁር ቀይ የሆኑት ሞዶክ ናት፤ ያነሡትን ፎቶ ከካሊፎርኒያ ልከው ፔንሲልቫኒከስ ናት ወይ ብለው ለሚጠይቁኝ ዘመዶቼ ከፎቶው በፊት ከተማቸውን የምጠይቀው ለዚህ ነው። ሄርኩሊያነስ የቀዝቃዛ ደን ሰው ናት፤ በሰሜን አሜሪካም በሰሜን አውሮፓም ትገኛለች፣ ስዊድናዊው የተፈጥሮ ሊቅ ሊኒየስም በ1758 መዝግቧታል። በሜሪላንድ በበጋ ሌሊት የምትወጣው፣ ከራሷ እስከ ሆዷ የቤት ማር የምትመስለው ለስላሳ ጉንዳን ካስታኔየስ ትባላለች፤ ጎጆዋ አፈር ውስጥ ስለሆነ ለቤት ባለቤት ስጋት አይደለችም።

የወርቁን ጠጉር ነገር አምልኬው እንዳልቀር ያደረገኝ አንድ የአፍሪካ ጉንዳን ነው። ካምፖኖተስ ሴሪሲየስ ከአፍሪካ እስከ ሕንድ ድረስ ሰፊ ግዛት ያላት ዝርያ ስትሆን ፋብሪሲየስ የሰየማትም በዚያው በ1798 ነው፤ ስሟ «ሐር የመሰለች» ማለት ነው። ሆዷ ከፔንሲልቫኒከስ በበለጠ በወርቅ ይንቦገቦጋል። እናቴ ያለችውን «የሐር ካባ» ሰውየው ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ብሎት ነበር ማለት ነው። ሆኖም የሴሪሲየስ ደረት ከጎን ሲታይ ያ ወጥ ቅስት አይደለም፤ ሊቃውንቱም በዚያው ወገን ውስጥ ከፔንሲልቫኒከስ በሌላ ንዑስ ወገን ይመድቧታል። ስለዚህ ወርቃማ ጠጉር የዝምድና ማስረጃ አይደለም። በሜሪላንድ ጎረቤታሞችን ለመለየት ይጠቅማል፤ ከሜሪላንድ ሲወጣ ግን መታወቂያ ወረቀቱ ይሽራል። ማንኛውም መለያ ምልክት የሚሠራበት አገር አለው፤ መለያ መጽሐፉ ርእሱ ላይ የአገር ስም የሚጽፈው ለጌጥ አይደለም።

ቤቱን በተመለከተ፣ የጥቁር አናጢዋ ስም ከታወቀ በኋላ ሌላው ሁሉ በራሱ ተከተለ። ይህች ዝርያ ንግሥቷ፣ እንቁላሎቿና ጨቅላ ዕጮቿ ያሉበት ዋና ጎጆ አላት፤ እርጥበት ስለሚፈልግም ብዙ ጊዜ የሚገኘው በበሰበሰ ዛፍ ውስጥ ነው። ከዚያ ወጣ ብለው ደግሞ ሠራተኞችና አድገው ለመፈልፈል የተቃረቡ ልጆች የሚኖሩባቸው ቅርንጫፍ ጎጆዎች አሏት፤ ቤት ውስጥ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ቅርንጫፉ ነው። ክንፍ ያላቸው ንግሥቶችና ወንዶች ያለፈው በጋ ሲያልቅ አድገው ክረምቱን ጎጆ ውስጥ ያሳልፉና ደጅ ቢሆኑ በሜይና በጁን ይበርሩ ነበር፤ ማሞቂያ ያለው ግድግዳ ውስጥ ሲከርሙ ግን ጊዜው የደረሰ መስሏቸው ቀደም ብለው ይወጣሉ። የኤፕሪሏ መስኮቴ ምስጢር ይኸው ነው።

ሌሊት ባትሪ ይዤ ተከተልኳቸው። ከመስኮቱ ሥር ባለች ስንጥቅ ወጥተው በአጥሩ ጫፍ ላይ ረጅም ሰልፍ ሠርተው ወደ ጎረቤት ወሰን ይሄዳሉ፤ የሰልፉ መጨረሻም ሥሩ ላይ ቀዳዳ ያለበት፣ ከቀዳዳው በታች የእንጨት ትቢያ የተከመረበት አንድ ያረጀ የኦክ ዛፍ ነበር። አናጢ ጠርቼ (ሰውየውን ማለቴ ነው) የመስኮቱን ማቀፊያ ስናፈርስ ከጣሪያው አሸንዳ የሚንጠባጠብ ውኃ ለዓመታት ሲጠጣው የኖረ እንጨት አገኘን፤ ውስጡ እንደ ንብ ቀፎ ተፈልፍሎ፣ ለስላሳው የእንጨት ክፍል ወጥቶ ጠንካራው እንደ መጽሐፍ ገጽ ቆሞ ቀርቷል። ማቀፊያው ተቀየረ፣ አሸንዳው ተጠገነ። መሬቱ አልተበሳም። ለተባይ ማጥፊያው ሰው ደውዬ ምስጥ አለመሆኑን ስነግረው «ለማንኛውም ቢያስረጩት አይጎዳም» አለኝ።

እናቴ ከመመለሷ በፊት በነበረው ሳምንት በረንዳው ላይ ማር አስቀምጠን ቁጭ ብለን ነበር። ከትልልቆቹ መካከል አንዲት ትንሽ፣ የምታብለጨልጭ ጥቁር ጉንዳን መጣች። ቅስቱ አለ፤ ወርቁ የለም። «ይህችስ የማን ልጅ ናት?» አለችኝ። ኒያርክቲከስ የምትባለው ትንሿ አናጢ ትሆናለች ብዬ ጠረጠርኩ፤ እሷን የሚለየው ከአፏ በላይ ባለው የፊት ሰሌዳ ጠርዝ መካከል ያለች ትንሽ ስንጥቅ ናት፣ እሷን ለማየት ደግሞ የእኔ አሥር ጊዜ ማጉያ አቅም የለውም። አሁን ፍሪዘር ውስጥ ናት፤ እናቴ ይዛልን በመጣችው በበርበሬና በሽሮ ከረጢቶች መካከል፣ «አትክፈቱ» የሚል ወረቀት በተለጠፈበት ብልቃጥ።